ሐሙስ ሐሙስ ይጽፉ የነበሩት የተከበሩ አቶ ኢድዋል ፕሮበርት የሕይወት ታሪክ

የተከበሩ አቶ ኢድዋል ፕሮበርት ከአባታቸው ከአቶ ሜሪግ ፕሮበርትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሉኔድ፣ በሰሜን ዌልስ፣ ኩም ኤሪን በተባለችው የድንጋይ ካባ መንደር፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 1921 ተወለዱ። አባታቸው ለቤት ጣሪያ የሚሆነውን ሰማያዊ ድንጋይ በመሮ እየሰነጠቁ የሚያሳሱ ሠራተኛ ነበሩ።

ማንበብ የተማሩት በጸሎት ቤታችን የሰንበት ትምህርት ቤት፣ በገዛ ቋንቋችን በዌልስኛ ነው። እንግሊዝኛን የለመዱት ዘግይተው ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላቸው አባታቸውን ተከትለው ካባ ገቡ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመለሱ ግን የመምህራን ኮሌጅ ገብተው ተመረቁ። በ1949 የዳቦ ጋጋሪውን ልጅ ወይዘሮ ማርገድን አግብተው ሎወሪንና ቴጊድን ወለዱ። በ1955 ሕዝቡ መረጣቸውና ለንደን፣ ፓርላማ ገቡ።

ከዚያ ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ለባለቤታቸው የሚጽፉት የባለቤታቸው ነው፤ ለታላቅ እህታቸው ለወይዘሮ ኔስታ የሚጽፉት ግን የመንደሩ ሁሉ ነበር። ወይዘሮ ኔስታ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጫማ ሰፊው በአቶ ካድዋን ሱቅ ተቀምጠው፣ ለተሰበሰበው ሰው ጮክ ብለው ያነቡታል። የመጀመሪያው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«እት ዓለም፣ እዚህ ለእያንዳንዳችን ኮት መስቀያ ተሰጥቶናል። ከሥሩ ሰይፍ የሚንጠለጠልበት ጥብጣብ አለው። ሰይፍ ስለሌለኝ ጃንጥላዬን ሰቀልኩበት።»

«ጃንጥላዬን ይላል እንዴ!» አሉ አቶ ካድዋን መዶሻቸውን አስቀምጠው። «የኔ ነው እኮ! ለምርጫ ቅስቀሳ ተውሶኝ ይኸው አልመለሰም። ጻፊለት፣ ኔስታ!»

በሌላ ደብዳቤ ስለ ድምፅ አሰጣጡ ነገሯቸው። ደወል ይደወላል፤ ያለበትን ትቶ የማይሮጥ የለም፤ ከዚያ የተስማማው በ«ይሁን» በር፣ ያልተስማማው በ«አይሁን» በር ገብቶ ይቆጠራል። «በእኛ ቋንቋ» ብለው ጻፉ፣ «ለሁሉ ነገር የሚበቃ አንድ 'አዎ' የለንም። መጣህ ወይ ሲሉን መጣሁ፣ ነው ወይ ሲሉን ነው እንላለን። እዚህ ግን የሰው ልጅ ነገር ሁሉ ሁለት በር ብቻ ነው ያለው።»

በየካቲት 1961 የሆነው ከዚሁ የመጣ ነው። በድንጋይ አቧራ ሳንባቸው ለተጎዳ ሠራተኞችና ባሎቻቸው ለሞቱባቸው ሴቶች ካሳ የሚሰጥ ረቂቅ ሕግ ቀርቦ ነበር። ውስጡ ግን «ከጣሪያ ድንጋይ ሠራተኞች በስተቀር» የሚል ሐረግ ነበረበት። አቶ ኢድዋልና ጓደኞቻቸው ሐረጉ ይውጣ ብለው ተነሡ። በዚያ ምክር ቤት ልማድ ግን ጥያቄው የሚቀርበው ተገልብጦ ነው፤ «ሐረጉ ባለበት ይቆይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ስለዚህ ይውጣ የሚል ሰው በ«አይሁን» በር መግባት አለበት።

ደወሉ ሲደወል አቶ ኢድዋል ከአገራቸው የመጡ እንግዶችን ሻይ እየጋበዙ ነበር። ሮጠው ሲደርሱ አንድ የአገራቸውን ልጅ በቋንቋቸው «የእኛ ሰዎች ጉዳይ ነው?» ብለው ጠየቁት። «ነው» አላቸው። ያንን «ነው» በጆሯቸው እንደያዙ በ«ይሁን» በር ገቡ። ስህተታቸውን ያወቁት ተቆጥረው ካለፉ በኋላ ነው። ሐረጉ ይውጣ የሚለው ማሻሻያ በዐሥራ አንድ ድምፅ ወደቀ።

በዚያ ሐሙስ የጻፉት ይህ ነው፦

«እት ዓለም፣ እኔ በትክክለኛው በር ብገባም እንሸነፍ ነበር፤ ግን ስሜ የአባባን ሳንባ ከካዱት ጋር ታትሟል። የድምፁን መዝገብ ኩም ኤሪን ውስጥ የሚያነብ ሰው የለም። ይህን ገጽ አንብቢው ወይም ዝለዪው፤ ላንቺ ትቼዋለሁ።»

ወይዘሮ ኔስታ ምንም አልዘለሉም፤ «ላንቺ ትቼዋለሁ» የሚለውን ሳይቀር አነበቡት።

«ድሮም የግራ ጫማውን በቀኝ እግሩ ነበር የሚያደርገው» አሉ አቶ ካድዋን፣ ሰውን ሊያስቁ። የሳቀ የለም።

ባላቸውን አቧራው የገደለባቸው ወይዘሮ ኬንዌን ከበሩ አጠገብ ተነሡ። «ይኼ በወረቀት የሚላክ ነገር ነው? እግር የለውም? መጥቶ ደጄ ላይ ይንገረኝ።»

አባታቸው አቶ ሜሪግ ጥግ ተቀምጠው ነበር። ሳል አላናግር ብሏቸው ጥቂት ቆዩና፣ «ልክ ብለሻል፣ ኬንዌን» አሉ። «ኔስታ፣ እንዳለችው አድርገሽ ጻፊለት። ሸክሙንም አንቺ እህቱ ላይ እንዳይጥል ንገሪው።»

አቶ ኢድዋል በሚቀጥለው ዓርብ መጡ። በመንደሩ ባሎቻቸው በአቧራ የሞቱባቸው ዐሥራ ሰባት ሴቶች ነበሩ። ሁለት ቀን ሙሉ ከደጅ ደጅ እየዞሩ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ያደረጉትን ለእያንዳንዳቸው ነገሩ። አንዳንዶቹ አስገብተው በሻይና በዘቢብ ዳቦ ተቀበሏቸው። ወይዘሮ ኬንዌን ግን በሩን ገርበብ አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው፤ «ሰማሁ» አሉና ዘጉት።

አባታቸው በ1963 ዐረፉ። አቶ ኢድዋል ከዚያ በኋላ ጉዳዩን በየዓመቱ ያነሡ ነበር፤ የምክር ቤቱ ባልደረቦቻቸው «አቧራው» የሚል ቅጽል ስም እስኪያወጡላቸው ድረስ። ለጣሪያ ድንጋይ ሠራተኞችም ካሳ የሚሰጠው ሕግ የወጣው በ1979 ነው። ከዐሥራ ሰባቱ ሴቶች በሕይወት የቀሩት አምስት ነበሩ። በዚያ ሳምንት ደብዳቤ አልጻፉም። በባቡር መጥተው ለአምስቱም በየደጃቸው ነገሩ። ወይዘሮ ኬንዌን ሰምተው ሲያበቁ፣ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው «በል ግባ፣ ይበርድሃል» አሏቸው።

በዚያው ዓመት ከምክር ቤት ወጥተው ወደ መንደራቸው ተመለሱ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ማንበብ ሲያስተምሩ ኖሩ። ባለቤታቸው በ1994፣ እህታቸው በ1998 ቀደሟቸው። እርሳቸው በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 2003 በተወለዱ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ።

ከመሞታቸው በፊት ልጃቸው ሎወሪ ደብዳቤዎቹን ለአውራጃው ቤተ መጻሕፍት ለመስጠት ስታሰናዳ፣ «የየካቲቷ እንኳ እኛ ዘንድ ትቅር፣ አባባ» ብላቸው ነበር። «እሷ ከሌለች ሌሎቹን ማን ያምናል?» አሏት። ቀብራቸው ላይ የሚነበበው ታሪክም እንዳይዘላት አዘዙ።

አቶ ኢድዋል የሁለት ልጆች አባትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። የሁላችንንም ስህተት የሚያውቅ አምላክ፣ የራሳቸውን ሳይደብቁ የመጡትን እኚህን አገልጋዩን በቤቱ ያሳርፍልን። ያዘዙት ተፈጽሟል፤ የዐሥራ ሰባቱ ሴቶች ልጆችና የልጅ ልጆች ባሉበት፣ ታሪካቸው አንድም ቃል ሳይዘለል ተነብቧል።