በስምህ የተቀበልኩት አፈርና ድንጋይ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለኒኒያን፣ ዳንዚግ።

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ካለህበት ደጃፍ ይግባ። እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ የሚነሳብህ ያ ሳል ተወህ ወይስ እዚያም ተከተለህ? የምታድርበት ቤት ይሞቃል? ሸክምህን ይዘህ ከገበያ ገበያ ስትዞር የሚያጅብህ የአገር ልጅ አለህ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለን፤ ደኅና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። አምና ከላክኸው ወረቀት ወዲህ ወሬህ ጠፍቶብናል። እማማ መርከብ ገባ በተባለ ቁጥር ወደ ወደቡ ሰው ትልካለች፤ የተላከው ባዶ እጁን ሲመለስ ደግሞ ሦስት ቀን ከሰው አትነጋገርም። እኔም ይህን የምጽፍልህ እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ነው። ወንበሩ እሾህ ያበቀለ ይመስል አላስቀምጥ ብሎኛል።

ኒኒያን፣ ቆመህ ከሆነ ተቀመጥ። አባባ አርፏል። እንዲህ በድንገት ስለነገርኩህ አትቀየመኝ፤ መርዶ ዙሪያውን ቢዞሩት አይለዝብም። አሟሟቱንና በዚያው ቀን የሆነውን ግን ከሌላ ሰው ሳትሰማ ከእኔ እንድትሰማ ፈለግሁ፤ ነገሩ አንተንም ይነካልና።

በመከር ማግስት ደረቱን ሲይዘው ሐኪም ይቅረበው ብለን ከእርሻችን ከባልሩዲ አንስተን እዚህ ኩፓር፣ አክስታችን ቤት አስተኛነው። እርሻው ላይ የቀረው ጋሼ አርቺ ብቻ ነበር። ጋሼ አርቺን ታውቀዋለህ፤ የሌላ እናት ልጅ ይሁን እንጂ ያሳደገችው እማማ ናት፤ እኛንም ጀርባው ላይ አዝሎ ያሳደገን እሱ ነው። ነገር ግን ዘንድሮ ልቡ ሸፈተ። የስትራንድሪው ባላባት በግ ማርቢያ ሊያደርገው ባልሩዲን ሲመኝ ኖሯል፤ ጋሼ አርቺም አባባ ዓይኑን ሲከድን የበኩር ልጅ ነኝና እሸጥልሃለሁ ብሎ ቃል ሰጠው። አባባ ይህን ሲሰማ አልጮኸም። “ያን መሬት ያገኘሁት ጎንበስ ቀና ብዬ ነው፤ በግ እንዲተኛበት አይደለም” አለና ውል አዋዋዩን አቶ ሲሞን ክሬግን አስጠራ። መሬቱን ለአንተ ለኒኒያን ሰጥቻለሁ ብሎ አስጻፈና ፈረመ።

እንግዲህ ያገራችንን ሕግ አልረሳኸውም። ወረቀት ብቻውን መሬት አያሻግርም። እዚያው መሬቱ ላይ ተቁሞ፣ በምስክር ፊት፣ አፈሩና ድንጋዩ ከእጅ ወደ እጅ ካላለፈ ብራናው ብራና ነው። ይህ ሳይሆን ሰጪው ከሞተ ደግሞ ትእዛዙ አብሮት ይሞታል፤ መሬቱም ለበኩሩ ይሄዳል። አባባ በፈረመ በማግስቱ ትንፋሹ ያጥር ጀመር። ዝናቡ አላቋረጠም፤ ኤደን ወንዝ ሞልቷል። አቶ ሲሞን “ውኃው ይጉደል፣ ሰኞ እንሄዳለን” ቢለኝ “ሰኞን አባባ ቃል ገብቶልሃል?” አልኩት። አፍሮ ፈረሱን ጫነ።

ማለዳ ወጣን። እሱ በፈረስ፣ እኔ በእግሬ የፈረሱን ጭራ ይዤ ተሻገርን፤ ውኃው እስከ ደረቴ ደረሰ። ባልሩዲ ስንደርስ ቀጥቃጩን መንጎን ጠራሁት፤ በአባባ ስም መሬቱን የሚያስረክበው እሱ እንዲሆን ስሙ ተጻፈ። ሁለቱ ጭሰኞቻችን ለምስክርነት ቆሙ። በአንተ ስም የሚረከብ ወኪል ሲፈለግ እኔ ወጣሁ። አቶ ሲሞን “ሴት ስትረከብ አይቼ አላውቅም” ብሎ ራሱን አከከ። መልሶ ወረቀቱን አነበበና “የሚለው ‘ይህን ይዞ ለመጣ’ ነው። የያዝሽው አንቺ ነሽ፤ ነይ ቁሚ” አለኝ።

መንጎ ጎንበስ ብሎ ከማሳው ጭቃ በአንድ እጁ፣ ድንጋይ በሌላው አነሳ። እጄን ዘረጋሁ። በዚህ መሃል የፈረስ ኮቴ ሰማን፤ ጋሼ አርቺ ከኩፓር በሚያመጣው በላይኛው መንገድ እየጋለበ መጣ። ኮፍያው የለም፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

“ጣለው መንጎ!” ብሎ ጮኸ። “አባቴ ሞቷል። ወረቀታችሁም ሞቷል።”

መንጎ እጁ አየር ላይ ቀረ። አባባ ሳልሰናበተው ሄደ ብዬ ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን የጋሼ አርቺን ዓይን አየሁ። እኔን አያይም፣ ጭቃውን ነው የሚያየው።

“ማን ዓይኑን ከደነለት?” አልኩት።

ልጓሙን ሳበ።

“ጋሼ፣ እማማ ምን አለች? አለቀሰች ወይስ ዝም አለች?”

“እኔ... ቤት አልገባሁም። ሲሉ ሰማሁ።”

“ማን ሲል?”

“በር ላይ። ሰዎች።”

አቶ ሲሞን ብዕሩን ከጆሮው ላይ አወረደ። “አርቺባልድ፣ አባትህ መሞቱን በእግዚአብሔር ስም ማልልኝና ይህን ወረቀት እዚሁ እቀደዋለሁ” አለው። ጋሼ አርቺ ቀኝ እጁን አነሳ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ እጅ የፈራሁት ነገር የለም። ትንሽ እንዳንጠለጠለው ቆየና አወረደው፤ ፊቱንም አዞረ። መንጎ ጭቃውንና ድንጋዩን እጄ ላይ አስቀመጠው። አቶ ሲሞን ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የምስክሮቹን ስም ጻፈ። ባልሩዲ ያንተ ሆነ።

ደስ አለኝ ብዬ አልዋሽህም። እውነት ሞቶ ቢሆንስ? የተቀበልኩት የሙት ትእዛዝ ቢሆንስ? አቶ ሲሞን ልብሱን እሳት ዳር ሊያደርቅ ወደ መንጎ ቤት ሲገባ እኔ ወደ ወንዙ ሮጥኩ። ውኃው ከጠዋቱ ብሶበታል። ዳር ላይ ቆሜ ስንቆራጠጥ ጋሼ አርቺ በፈረሱ ከኋላዬ ደረሰ። “ውጪ፣ ከኋላዬ ተቀመጪ። እሷን ደግሞ ውኃ ወሰዳት እንዲሉኝ ነው?” አለኝ። ወጣሁ፤ ወገቡን ይዤ ተሻገርን።

አባባ አልሞተም ነበር። እማማ እጁን ይዛ ተቀምጣለች፤ ዓይኑ ግን ማየት አቁሟል። ጆሮው ሥር ተንበርክኬ “ለኒኒያን ተሰጥቷል፣ በእጄ ተቀበልኩ” አልኩት። ጭቃው ገና ከጥፍሬ አልወጣም፤ ጣቶቼን ዳሰሰና ፈገግ አለ። ቆይቶ “ልጄስ?” አለ። የትኛውን እንደሆነ አልገባኝም። ወጥቼ ብፈልግ ጋሼ አርቺ ዝናቡ ላይ የፈረሱን ልጓም እንደያዘ ቆሟል። “ግባ” አልኩት። “በምን ፊቴ?” አለኝ። እጁን ይዤ ጎትቼ አስገባሁት።

አልጋው ሥር ተንበረከከ። አባባ እርጥብ ራሱን ሲዳብስ ጊዜ ፊቱ በራ። “ኒኒያን! መጣህ?” አለ።

ጋሼ አርቺ እኔን አየ፣ እማማን አየ። እማማ ራሷን ነቀነቀችለት።

“አዎ አባባ፣ መጣሁ” አለ።

“ባሕሩ አላስቸገረህም?”

“አላስቸገረኝም።”

“አርቺ ይቆጣል” አለ አባባ፣ ቃል ከቃል እየቆራረጠ። “እኔን ይጥላኝ፤ አንተ ግን እንደ ተሸከመህ ተሸከመው። ከቤቱ አታስወጣው።”

“እሺ አባባ፣ አላስወጣውም።”

ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ሲመሽ እጁን በጋሼ አርቺ እጅ እንዳኖረ አለፈ። ዓይኑን የከደነለት ጋሼ አርቺ ነው።

ከቀብሩ በኋላ የባላባቱን ንብረት የሚያስተዳድረው መጋቢ ባልሩዲ መጥቶ “አባትህ የሞተው ጠዋት ነው ብለህ ዳኛ ፊት ቅረብ፤ ርክክቡ ይፈርሳል” ብሎት ነበር። መንጎ ነው የነገረኝ። ጋሼ አርቺ እርፉን እንደያዘ “አንድ ጊዜ ሳይሞት ገድዬዋለሁ፤ ሁለተኛ አልገድለውም። ከወንድሜ መሬት ላይ ውረድልኝ” አለው አሉ። እስካሁን እያረሰ ነው። ለእኔ ግን አንድ ቃል አይነግረኝም፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል።

ርክክቡ በመንግሥት መዝገብ ገብቷል፤ በዚህ አታስብ። ያላስተኛኝ ሌላ ነው። አቶ ሲሞን ወረቀት አዘጋጅቶ ልኮልሃል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሃል። “ኒኒያን ይፈርምና አርቺን ከእርሻው እናስወጣው፤ ዛሬ ቢጸጸት ነገ ባላባቱ መልሶ ይገዛዋል” ይላል። ውሸት ነው አልልህም፤ እኔም ቀኑን አንዱን እያመንኩ ሌላውን እየፈራሁ ነው የማሳልፈው። ነፋሱ መስኮቱን በመታ ቁጥር የመጋቢው ፈረስ ይመስለኛል። መሬቱ ያንተ ነው፤ ቃሉም ያንተ ነው። ብትመጣ ደስታዬ ወሰን የለውም። ካልመጣህ ግን እለምንሃለሁ፣ ያን ወረቀት አትፈርመው። አባባ ሲጣራ አንተ ሩቅ ነበርክ፤ በስምህ “መጣሁ” ብሎ የመለሰለት እሱ ነው፤ በስምህ “አላስወጣውም” ብሎ ቃል የገባም እሱ ነው። ያን ቃል አንተ አታፍርሰው።

እማማ ጉንጭህን ትስምሃለች፤ ለብርዱ የሠራችልህን የሱፍ ካልሲ ልካለች። አክስታችን ማርዮን ጉልበቷ ቢያማትም ምላሷ ደኅና ነው፣ “ሚስት አግብቶ ደብቆን እንዳይሆን” ትላለች። መንጎና ጭሰኞቹ እጅ ነስተዋል። ጋሼ አርቺ ሰላምታ አላከም፤ እንደምጽፍልህ ግን ያውቃል፤ ዛሬ ጠዋት አንድ ጆንያ አጃ ደጃችን አስቀምጦ ሳያንኳኳ ሄዷል።

እህትህ ቤቲያ

ኩፓር፣ ፋይፍ፣ ስኮትላንድ
ኅዳር 19 ቀን 1684