ሰይድ ያልደረሰባት ፊደል

ጥቅምት 14 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ ሐይቅ

ዛሬ ከአስር ሶላት በኋላ ዘይነባ በቀበሌው ንባብ ቤት ወደማስተምረው የመሠረተ ትምህርት ክፍል መጣች። ባሏ ሰይድ ተማሪዬ ነበር። ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ታንኳው ከተገለበጠ ወር ሊሆነው ነው፤ ሬሳው አልተገኘም። እሷ ፊደል ቆጥራ አታውቅም። ሄዳ እሱ ይቀመጥበት የነበረው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

ሰሌዳው ላይ «ፀሐይ ወጣች» ብዬ ጻፍሁ። ማንም ሳይቀድማት አነበበችው።

«እታለም፣ ማን አስተማረሽ?»

«ሰይድ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ሰይድ እኮ ‹ፀ› ላይ ሳይደርስ ነው የሞተው።»

«ወላሂ እሱ ነው። አሁንም እየመጣ ያስጠናኛል። እዚያም ያስተምሩናል፣ ብዙ ነን አለኝ።»

የሳቀ አልነበረም። አብዬ ይመር ከኋላ ተነሡ። ልጃቸውን የአብዮት ጥበቃዎች ከወሰዱት ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ ስሙን ሲያነሡ ሰምቼ አላውቅም።

«የኔስ ልጅ አብሮ ይማራል ወይ?» አሉ ቀስ ብለው።

ዝም ላሰኛቸው ይገባ ነበር፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ቢሮ አጠገባችን ነው፣ ይሰማል። ግን እኔም መልሷን እየጠበቅሁ ነበር።

«ሰይድ ሲመጣ እጠይቅልዎታለሁ» አለቻቸው።