እናት የሌላቸው ጭላዶች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ከሦስቱ የጭላዳ ልጆች ትንሿ ዛሬም ጡጦውን እምቢ አለች። ሁለቱ፣ ወንዱና ሴቷ፣ ጠጥተው ተቃቅፈው ተኙ። ፖሊሶች አምባ ጊዮርጊስ ላይ ከአንድ ነጋዴ ማኪና፣ ከከሰል ጆንያ ሥር አውጥተው ካመጡልኝ አሥራ አንድ ቀን ሆነ። እናቶቻቸውን ገድሎ ልጆቹን ለፈረንጅ ሊሸጥ ነበር። የጤና ጣቢያ ድሬሰር ስለሆንኩ፣ ከዚህ በፊትም አምስት ጭላዳ አሳድጌ ስለለቀቅኩ፣ ወላጅ ያጣ ሁሉ ቁስቋም እኔ ቤት ይመጣል። ጎረቤቴ እማሆይ «በጾም ወተት ለዝንጀሮ!» አሉኝ። ሕፃናት ናቸው አልኳቸው።

ረቡዕ

ትንሿ ሞተች። ጣቶቿ የሴቷን ጠጉር እንደጨበጡ ነበር፤ ማላቀቅ አቃተኝ። ጓሮ፣ ግራዋው ሥር ቀበርኳት። ሥራ አረፈድኩ። ምክንያቱን አልተናገርኩም፤ ለዝንጀሮ አለቀሰች ይሉኛል።

ሐሙስ

ነጋዴው መጣ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዟል። «ፈቃድ አውጥቻለሁ፤ እንስሶቼን መልሽ።»

ሁለቱ ጓዳ ናቸው። ድምፅ እንዳያሰሙ በልቤ ማርያምን እየጠራሁ ጓሮ ወሰድኩትና አዲሱን አፈር አሳየሁት።

«ሞቱ» አልኩት።

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም።»

አፈሩን በጫማው ነካ ነካ አድርጎ ሄደ። የቄስ ልጅ ሆኜ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ።

ዓርብ

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። እሳቸውም እንዲህ አሉኝ፦ «ለውሸቱ ትሰግጃለሽ። እንስሶቹን ግን ቶሎ አውጫቸው፤ ሰውየው ይመለሳል።»

የቀድሞዎቹን ዓመት አሳድጌ ነበር የለቀቅኩት። እነዚህ ገና ናቸው። ወንዱ ሣር መንጨት የጀመረው በዚህ ሳምንት ነው። ነብር አለ። ብርድ አለ። መንጋው ባይቀበላቸውስ?

ቅዳሜ

በቅርጫት ደብቄ በአውቶቡስ ወጣሁ። የቀድሞዎቹን ስለቅ ያገዙኝ የወገራው ገበሬ አያ ካሴ መንገድ ላይ ጠብቀው ገደሉ አፋፍ አደረሱኝ። መንጋው ሣር ይነጫል። «ያቺ ልጇ ሞቶባታል» ብለው አንዲቷን አሳዩኝ።

ሁለቱን አስቀምጬ ራቅኩ። እሷ መጣች፣ አሸተተች፣ ሴቷን አቅፋ ሄደች። ወንዱ ወደ እኔ ሮጠ። መለስኩት። ደግሞ መጣ። በሦስተኛው በድንጋይ አስፈራራሁት።

«ምነው ታለቅሻለሽ? ሸጋ ሥራ ነው የሠራሽ» አሉ አያ ካሴ።

ከመንጋው ዳር ብቻውን ተቀመጠ። አላባረሩትም፤ አልተጠጉትምም። አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ትቼው መጣሁ።

እሑድ

አያ ካሴ ያዩትን ሊነግሩኝ ብለው በማኪና መጡ። ጠዋት መንጋው ከገደሉ ሲወጣ እሳቸው አፋፉ ላይ ሆነው ያዩ ነበር።

«ወንዱስ?» አልኩ፣ ሳይቀመጡ።

«እንጃ ልጄ። ብቻውን የቀረ የለም፤ የሞተም አላየሁ። ትንንሾቹ ሁሉ ትልልቆቹ ጀርባ ላይ ናቸው። ያንችን ከእነሱ መለየት አቃተኝ።»

ደግመው እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው።