እማዬ ሻይ ቤት ገባች

ይድረስ ለወንድሜ ለታሪኩ፣ እንደ ቦንጋ ዝናብ የማያቋርጥ ሰላምታዬ ሐዋሳ ድረስ ይምጣልህ። እኔም እማዬም ደህና ነን።

ትናንት እማዬ ከሰል ሸጣ ስትመለስ ዝናብ ያዛትና እኔ የምሠራበት ሻይ ቤት በር ላይ ቆመች፣ እንደ ልማዳችን ውጪ፣ እኔንም አይታ እንደማታውቀኝ ፊቷን አዞረች፣ ለእኔው ብላ ነው፣ ልጇ መሆኔ እንዳይታወቅብኝ። አሠሪዬ እትዬ ፋኢዛ ደግሞ ከስልጤ ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም፣ «እናቴ፣ ግቢ እንጂ» አሏት። አንዱ ደንበኛ «የማንጆ ዘር እኮ ናት፣ ሰው ቤት አትገባም» አላቸው። «ዝናቡ ሰው ይመርጣል እንዴ?» ብለው እጇን ይዘው አስገቧት፣ ሁላችንም በምንጠጣበት ብርጭቆ ሻይ ሰጧት። ሰውዬው ፉሉን ትቶ ወጣ። እኔ እንጃ ምን እንደነካኝ፣ «እናቴ ናት» አልኩ፣ ቤቱ በሙሉ ሰማ።

ዛሬ ጠዋት ፉሉን ስሠራ ዓይኔ በሩ ላይ ነበር። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሆነ፣ እትዬ ፋኢዛ «ዝናቡ አስቀርቷቸው ነው» አሉኝ፣ ዝናብ ግን አልነበረም። ቆይተው አስተማሪው ጋሽ ፍቃዱ መጡና ፉል በሉ፣ ከዚያ «ዝማሬ፣ ዛሬ ጨው ረስተሻል» አሉኝ። ሳህኑን ግን በዳቦ ጠርገው ጨረሱት። ነገ ጨው እጨምራለሁ።

ለፋሲካ ስትመጣ ቀጥታ ወደ እኔ ና፣ በር ላይ ግን እንዳትቆም፣ ግባ። እስከዚያ ፈጣሪ በሄድክበት ይከተልህ።

እህትህ ዝማሬ