ለአንቺ እምቢ ያለው መክፈቻ

ለልጆቼ እናት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን፣ ከዚያም ቀጥዬ አሁንም ጤናሽን እጠይቃለሁ። እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ ወገባቸው እንዴት ሆነላቸው? ትልቋ ልጃችን «አያቴ እኮ ድናለች፣ ደረጃ ሁሉ ትወጣለች» ብላ ስትነግረኝ ደስ ብሎኛል። ከዳኑ ሦስተኛ ወራቸውን እንደያዙም አውቃለሁ፤ ታዲያ ለምን አልመጣሽም ብዬ አልጠይቅሽም። መልሱን የማውቀውን ነገር ምን አስጠየቀኝ?

እኛ ደህና ነን። ትንሹ አንድ ጥርሱን ነቅሎ ሁለተኛውን ቀኑን ሙሉ በምላሱ ሲነቀንቅ ይውላል። እናቴም እንደወትሮዋ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ጉልበቷን ትወቅሳለች፣ ከሰዓት በኋላ እኔን። በስልክ ከልጆቹ ጋር ስትጫወቺ አጠገባቸው ተቀምጬ ድምፅሽን እሰማለሁ፤ እኔ ስቀበላቸው መስመሩ ይቋረጣል። ለልጆቹ ኔትወርኩ ነው እላቸዋለሁ፣ እነሱም እኔን ላለማሳፈር ያመኑ ይመስላሉ። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል አልኩ። ወረቀት ቢበዛ ይቀደዳል፤ ከመቅደድሽ በፊት ግን እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

የምጽፍልሽ ስለዚያ መክፈቻ ነው። አውቃለሁ፣ «አሁንም እሱ!» ትያለሽ። አትፍረጂብኝ አልልም፤ ብቻ ጨርሼ ልንገርሽና ያኔ ፍረጂ።

መቼም ጠባዬን ካንቺ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ቀን የሰው ልብስ ስፌት መኪና እጠግናለሁ፣ ቤት ስገባ ደግሞ ማንም ያላዘዘኝን ስሠራ አመሻለሁ። ዝናብ ሲመጣ ራሱን እንዲሰበስብ ብዬ የሠራሁት የልብስ ማስጫ ገመድ የጎረቤታችንን አንሶላ ከነመቆንጠጫው ጠቅልሎ ሲቀዳድደው አብረሽኝ ሄደሽ ይቅርታ የጠየቅሽልኝ አንቺ ነሽ። ራሱን የሚዘጋው በር እናቴን መታጠቢያ ቤት የቆለፈባት ጊዜም «ቤት እንጂ ቤተ ሙከራ አላገባሁም» እያልሽ ትስቂ ነበር። ትስቂ እንደነበር አልረሳሁም።

መክፈቻው ግን እንደነዚያ አልነበረም። የእናቴን ጣቶች ቁርጥማት ከያዛቸው በኋላ የማር ጠርሙስ ክዳን እምቢ ብሏት፣ ጠርሙሱን ታቅፋ ዕንባዋ ሲመጣ አይቼ ነው የጀመርኩት። ነገሩ ቀላል ነው፦ መያዣ አለው፣ ክዳኑን የሚጠመጥም የጎማ ቀበቶ አለው፣ በመያዣው ጎን ደግሞ ቀበቶውን የምታጠብቂበት ትንሽ መጫኛ አለ። በአውራ ጣትሽ ጫን፣ ዞር፣ ተከፈተ። እናቴ የመጀመሪያው ቀን ቤት ውስጥ የነበረውን ጠርሙስ በሙሉ ከፍታ ጨረሰችውና ሳምንቱን እንዳይበላሽ ስንሻማ ከረምን። እኔ ከፈትኩ፣ ትልቋ ከፈተች፣ ትንሹ እንኳ በዚያች እጁ ከፈተ። አንቺ ብቻ «በእኔ እጅ ይንሸራተታል» አልሽኝ።

አንዴ ብቻ አይደለም ያልሽኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በሞከርሽው ቁጥር ያንኑ ነገርሽኝ፣ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ከአምስት ሰው አራቱ ከከፈተው አምስተኛዋ ስላልፈለገች ነው ብዬ ደመደምኩ። ሞኝነቴን አየሽልኝ?

የቤት ዕቃ አከፋፋዩ መክፈቻውን ሊያይ ከሚስቱ ጋር ቤታችን የመጣ ዕለት ወጥ ቤት ድረስ ተከትዬሽ ገብቼ አንቺ ካላሳየሽ ብዬ ችክ አልኩብሽ። «እናትህ ታሳያቸው፣ እኔን ተወኝ» ብለሽ ለምነሽኝ ነበር። አልተውኩሽም። በሰው ፊት ቀበቶው ተንሸራተተ፣ ጠርሙሱ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ፣ ማርማላታው የሰውየው ጫማ ድረስ ተረጨ። እኔም ያን ጊዜ እጅሽ ተቆርጦ እንደሆነ እንኳ ሳላይ፣ ለእንግዶቹ እየሳቅሁ ያችን ነገር አልኩ።

«እጇ አይደለም እምቢ ያለው፣ ልቧ ነው።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንቺ ስብርባሪውን ለቀምሽ፣ ወለሉን ወለወልሽ፣ ሻይ አፍልተሽ ለእንግዶቹ አቀረብሽ። በሳምንቱ እናትሽ ወገባቸውን አመማቸውና ሄድሽ። ምላሴን በቆረጠው ኖሮ ያልኩት ግን ወዲያው እንዳይመስልሽ፤ እውነቱን ልንገርሽ ካልኩ፣ ያኔ እንኳ ትክክል ነኝ ብዬ ነበር።

ከሄድሽ በኋላ መክፈቻውን ይዤ ያልረገጥኩት ደጅ የለም። የፈጠራ መመዝገቢያው ቢሮ ሥዕሉን በሦስት ቅጂ አምጣ አለኝ፤ በሦስት ቅጂ ሳመጣ በእጅ የተሣለ አንቀበልም አሉ፤ በኮምፒውተር አሠርቼ ስመለስ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ያ ስብሰባ እስካሁን ያለቀ አይመስለኝም። ማዶ ያለው ባለሱቅ ደግሞ፣ ክዳን እምቢ ያለው ሰው ጠርሙሱን ገልብጦ ቂጡን መታ መታ ያደርገዋል እንጂ ለዚህ ብሎ ዕቃ ይገዛል እንዴ አለኝ። የፕላስቲክ ዕቃ ፋብሪካው ዘበኛ አምስት ጊዜ ከበር መለሰኝ። በስተመጨረሻ ከመላመዳችን ብዛት «ፕሮፌሰር፣ ዛሬስ ምን ፈለሰፉ?» እያለ ወንበር ያቀርብልኝ ጀመር። በስድስተኛው ቀን ራሱ ገብቶ ለመነልኝ መሰለኝ፣ አስገቡኝ።

የምርት ኃላፊዋ ረጋ ያሉ ሴትዮ ናቸው። አራት ባልደረቦቻቸውን ጠርተው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። መጀመሪያ እኔ ከፈትኩ። ከዚያ ተራ በተራ ሞከሩ። አንዱ ጥርሱን ነክሶ ታገለ፣ ሌላው መነጽሩን አውልቆ ታገለ፣ ኃላፊዋም ቆመው ሞከሩት፤ ለአንዳቸውም አልከፈተም። ኃላፊዋ በትሕትና ወደ እኔ አስጠግተው አስቀመጡትና፣ እርስዎ ሲይዙት ይከፍታል፣ እኛ ግን እርስዎን ከዕቃው ጋር አሽገን ልንሸጥ አንችልም አሉኝ።

ፊታቸውን ሳይ ያችው ነገር ምላሴ ላይ መጣች፤ እነዚህም ልባቸው ነው ልል ስል ዋጥኳት። እነዚህ ሰዎች ስሜን እንኳ አያውቁም፣ ምን ቂም አላቸው? ይልቅ ሁሉም አፋቸውን ሞልተው አንድ ዓይነት ነገር ነበር የሚሉት፦ በእኔ እጅ ይንሸራተታል። በአንቺ ድምፅ የሰማሁት መሰለኝና ቀዝቃዛ ውሃ ተቸለሰብኝ።

ዕቃዬን ልሰበስብ ስል የሻይ ብርጭቆ ሊያነሱ የገቡ አንዲት እናት ልሞክረው አሉ። ያዙት፣ ጫኑት፣ አዞሩት፣ ተከፈተ። ዘግተው ደግመው ከፈቱት።

«ለግራኝ ሰው የተሠራ ዕቃ በዕድሜዬ ገና ዛሬ አየሁ» አሉ። «እናንተ እኮ በቀኝ ይዛችሁት ነው፣ መጫኛው በወዲያ በኩል ቀረባችሁ።»

አይ እኔ! እኔ ግራኝ፣ እናቴ ግራኝ፣ ሁለቱ ልጆች በእኛ የወጡ ግራኞች። አራቱም የከፈቱት እጆች አንድ ዓይነት እጆች ነበሩ። በዚያ ቤት በቀኝ እጅ የምትሠሪ አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ ገበያው ደግሞ፣ ያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳሳድደው የኖርኩት ገበያ፣ እንደ አንቺ ያለ ሰው ነው። ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ ሲነግረኝ አልሰማሁትም።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ግራ እጄን በመሐረብ ወገቤ ላይ አስሬ ወጥ ቤት ገባሁና ቁርስ ለመሥራት ሞከርኩ። መሳቢያው ክንዴን ይመታኛል። ጭልፋውን ከሰቀልኩበት ለማውረድ በምድጃው ላይ ተሻግሬ መንጠራራት አለብኝ። የጓዳውን በር ስከፍተው ራሴው ላይ ይመጣል። እነዚህን ሁሉ ቦታ ቦታ ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ፣ በገዛ መዶሻዬ፣ «አመቻቸሁልሽ» ብዬሽ። አንቺም አመሰግናለሁ ብለሽኛል። አሥራ አራት ዓመት ተገልብጦ በተሠራ ቤት ውስጥ አብስለሽ አበላሽን። ምን ያህል ጊዜ ተናግረሽ አልሰማሁሽ ይሆን ብዬ ሳስብ ምድጃው አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ። እናቴ መጥታ አየችኝ፣ እጅህን ምን ሆንክ ብላ ደነገጠች። ነገርኳት። እሷማ ድሮ ታውቃለች። አብራችሁ ስትሠሩ የማንኪያውን እጀታ ወደ ቀኝ እጅሽ አዙራ ነበር አሉ የምታስቀምጥልሽ። ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ መች ጠየቅኸኝ አለችኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ኃላፊዋ መጫኛውን በወዲያኛው ጎን አድርገህ አንድ ናሙና አምጣ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ማለት በዚህ አርብ፣ ለዓመቱ የሚመረቱትን ዕቃዎች እንመርጣለን አሉኝ። ሦስት ሳምንት ከሥራ መልስ እሱን ስሠራ ነበር። መጫኛውን የሚመልሰው ቀጭን ሞላ ከአንድ አሮጌ የስፌት መኪና ሆድ የወጣ ነው፤ ሁለተኛ አላገኘሁለትም። ሠርቼ ጨረስኩና ያዝኩት። ቀኝ እጄ ደንቆሮ ነው፣ ይሁን አይሁን አይነግረኝም። የእናቴም እንደዚያው ነው፣ የልጆቹም። ይህን ዕቃ አይቶ እውነቱን የሚነግረኝ ሰው ቤታችን ውስጥ የለም።

እሽጉ ውስጥ ያገኘሽው እሱ ነው። እናትሽ ቤት ክዳኑ የጠበቀ ጠርሙስ አይጠፋም፤ ሞክሪው። ከከፈተ ከፍቷል በዪኝ። ይንሸራተታል ካልሽኝ ይንሸራተታል፤ የት ላይ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ። ቁጣ ካለሽም አብረሽ ጻፊው፣ እሱንም አነባለሁ። እኔ ያንን በእንግዶች ፊት ያልኩሽን ይቅር በዪኝ ብዬ የምለምንሽ ለመክፈቻው አይደለም። ባይከፍትም በድዬሻለሁ፣ ቢከፍትም በድዬሻለሁ።

ልጆቹ ሁለቱም ይስሙሻል። እናቴ «ልጄን ሰላም በልልኝ» ብላለች፤ ልጄ የምትለው አንቺን ነው፣ እኔን በስሜ ነው የምትጠራኝ ከዚያች እሑድ ወዲህ። ፖስታ ቤቱ እሽጉ በስድስት ቀን ይደርስሻል ብሎኛል፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው። ኃላፊዋ ትናንት ደውለው ናሙናው አለቀ ወይ ሲሉኝ፣ አስቀድሞ ማየት የሚገባው ሰው ዘንድ ሊሄድ ነው፣ ለአርብ አይደርስም አልኳቸው። እንግዲያው ዓመት ጠብቅ አሉኝ። እሺ አልኩ።

ለእናትሽ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። አንቺንም ያለሽበት ቤት ይመችሽ፣ እጅሽን ክፉ አይንካው፣ የያዝሽው ሁሉ ይሁንልሽ።

የልጆችሽ አባት