«በብለር» ያለችው ልጄ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6
ከአይብ ፋብሪካው ገና መግባቴ ነበር። ባሌ ዴል የአደን ጠመንጃውን ይወለውላል... እኔን እንዲህ ወልውሎኝ አያውቅም። ርዕሰ መምህሯ ሃልቮርሰን ደወለች። ልጄን ብሪታን የሚመረምር ባለሙያ ከአሪዞና ተቀጥሯል። «መጥተው ትንሽ ፊርማ ያኖሩልናል።» ትንሽ ፊርማ? ትልቁስ ምን ዓይነት ይሆን? ግን ደስ አለኝ። ስምንት ዓመቷ ነው፣ እስካሁን ፊደል ይገለባበጥባታል። ከአምና ጀምሮ መርምሩልኝ ስል «እንጠብቅና እንይ» ነበር መልሳቸው። መጠበቅ ይችሉበታል።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9
ፈረምኩ። ያስቀመጡኝ የአንደኛ ክፍል ልጆች ወንበር ላይ ነው፣ ጉልበቴ አገጬ ጋ ደረሰ። ሁሉም «እናት» እያሉ ይጠሩኛል። ስም የለኝም? ሎርና እባላለሁ። «ፈቃዱ ለምርመራው ብቻ ነው፣ ለሌላው እንደገና እንጠይቅዎታለን» አለች ሃልቮርሰን። ማንም እንዳያነበው ታስቦ የተጻፈ የወላጅ መብት መጽሐፍም ሰጡኝ። ሽንት ቤት ቁጭ ብዬ ጨረስኩት።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18
ለውጤቱ ተጠራሁ። ባለሙያው ሚስተር ፕሩዊት በጣም አዘነልኝ... አእምሮዋ ዘገምተኛ ነው አለ። ቀኑን ሙሉ ኮሪደሩ ጫፍ ያለው ልዩ ክፍል ትዋል። ሳልፍ አይቼዋለሁ፣ አንዱ ወንበር ላይ ስሟ ተለጥፏል! እኔ ሳልፈቅድ ወንበሩ ፈቅዷል።
«እናት፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለች ሃልቮርሰን።
«እኔ የፈረምኩት ለምርመራው ነው።»
«ያው እኮ ነው።»
«ያው አይደለም። ምን እንደጠየቃችኋት አሳዩኝ።»
ተያዩ። መብቴ ስለሆነ አሳዩኝ። የውሃ መጠጫ ሥዕል ነው፣ ኮሪደር ላይ ጎንበስ ተብሎ የሚጠጣበት። ብሪታ «በብለር» ብላለች። ዜሮ! ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው «አልመለሰችም፣ አልመለሰችም...» ተብሎ ተጽፏል።
«በብለር የሚባል ነገር አላውቅም» አለ ፕሩዊት።
«ታዲያ ምን ልትለው ኖሯል? በብለር እኮ ነው!» አለች ሃልቮርሰን ሳታስበው። እሷም የተወለደችው እዚሁ ዊስኮንሲን ነው፣ እዚህ ደግሞ የውሃ መጠጫውን ሁሉም በብለር ነው የሚለው። ወዲያው ፊቷ ቀላ።
መላው ዊስኮንሲን ዘገምተኛ ሆነን አረፍነው። ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። አልፈረምኩም። ገለልተኛ ሰው፣ በትምህርት ቤቱ ወጪ፣ እንደገና ይመርምርልኝ አልኩ። እንደሚቻል ከመጽሐፉ አንብቤያለሁ። እነሱማ መጽሐፉን እንደሰጡኝ ትዝም አላላቸው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 19
ለምን ዝም አልሽ አልኳት። «ፊቱን ሲያኮሳትርብኝ ሁሉም ስህተት መሰለኝ።» ልጄን እንዲህ አስፈራሯት...

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 30
አዲሷ መርማሪ ውጤቱን አመጣች። አእምሮዋ ምንም አልሆነም፣ የምትቸገረው ንባብ ላይ ብቻ ነው። በየቀኑ አንድ ሰዓት የንባብ እርዳታ፣ ሌላውን ጊዜ ከጓደኞቿ ጋር። ብዕሬን አነሳሁ፣ ኩራቴ ለጉድ ነው! ብሪታ አጠገቤ ነበረች።
«እማዬ፣ እኔንስ ማን ጠየቀኝ?»
... ስንት ወር ሙሉ ፈቃድ፣ ፈቃድ ስል ከርሜ! አፈርኩ። ትፈልጊያለሽ ወይ አልኳት።
«እሺ፣ ግን በሥዕል ክፍለ ጊዜ አይሁን።»
ይህንኑ በእጄ ጨምሬበት ፈረምኩ። ሃልቮርሰን መነጽሯን አስተካክላ አነበበችው።
«ይሄን ደግሞ ማን አለ?»
«ባለጉዳይዋ» አልኳት።