ህንድ፣ ፓኪስታንና የኦቦ ፈይሳ አጥር

ሰኞ፣ ታኅሣሥ

አልፈራም! ሐሙስ በአራት ሰዓት የማስተርስ ጽሑፌን በፈታኞች ፊት የምከላከልበት ዲፌንስ ነው። መንገድ ቢዘጋ በእግሬ እሄዳለሁ። ህንድና ፓኪስታን ቦምብ ለምን ሠሩ? ከማስተማሩ ጎን ለጎን ሁለት ዓመት የለፋሁበት ጥያቄ ነው። መልሴ አጭር ነው፦ አንዱ ፈርቶ ይሠራል፣ ሌላው እሱን አይቶ ይፈራና ይሠራል። አማካሪዬ ግን ዛሬም በስልክ፣ "ፍርሃት ብቻ አይደለም። ክብርስ? አደባባይ ወጥቶ ያጨበጨበው ሕዝብስ?" አሉኝ። ምዕራፍ ሦስት ላይ ሁለት ገጽ ጽፌ የለ እንዴ!

ሰበታ ዛሬ ስትረበሽ ዋለች። ተማሪዎቻችን የዋና ከተማዋን ማስፋፊያ ማስተር ፕላን ተቃውመው ወጡ፤ ተኩስም ሰማን። ነገ ትምህርት የለም።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ወሬ። ቤት ሊቃጠል ነው ይባላል፤ ማን፣ የማንን፣ አይባልም። ባሌ ዳዊት ከጎረቤታችን ከኦቦ ፈይሳ ግቢ ጋር የሚያገናኘንን መሹለኪያ በቆርቆሮ መታው። ስድስት ዓመት ልጆቻችንም ሳህኖቻችንም የተመላለሱበትን!

"እነሱን ፈርቼ አይደለም፤ በእነሱ በኩል ሌላ ሰው እንዳይገባ ነው" አለኝ።

"ይህን እነሱ በምን ያውቃሉ?"

ምዕራፍ አንድን በነጻ አስተማርኩት፦ አንተ መከላከያ የምትለው ለጎረቤትህ ማጥቂያ ሆኖ ይታየዋል። ሳቀብኝ። ቆርቆሮው አልተነሳም።

ረቡዕ

ኦቦ ፈይሳ አጥራቸው ላይ እሾሃማ ሽቦ አስዘረጉ። ሁልጊዜ በኦሮምኛ "አካም ቡልቴ፣ ባርሲስቱ!"፣ እንዴት አደርሽ አስተማሪዋ፣ ብለው ቤተሰቡን አንድ በአንድ ይጠይቁኝ ነበር። ዛሬ "ደህና አደርሽ" ብቻ። አላስቻለኝም።

"ኦቦ ፈይሳ፣ ሽቦው ለምንድን ነው?"

"የሰማችሁት ነገር ቢኖር ነው እንጂ መሹለኪያውን ትዘጉ ነበር? እኔም ልጆች አሉኝ፣ ልጄ።"

እውነታቸውን ነው። ይቅርታ ብዬ ቆርቆሮውን ማስነሳት ነበረብኝ። እኔ ግን፣ መካሪዋ፣ ከሰዓት በኋላ ብየዳ ቤት ሄጄ የብረት በር አዘዝኩ። በያጁ "ውፍረቱ ምን ያህል ይሁን?" ሲለኝ "ከጎረቤታችን በር የሚበልጥ" አልኩት። አፈርኩ፤ ትዕዛዙን ግን አልሰረዝኩም። የፈራሁት ሌባና ቃጠሎ ብቻ አልነበረም፤ መበለጥንም አልወደድኩም። አማካሪዬ ልክ ነበሩ። የነገውን ንግግሬን ግማሹን ለወጥኩት።

ሐሙስ

መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ታክሲ የሚባል የለም። በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጥቼ እስከ ዓለም ገና በእግሬ፣ ከዚያ በሚኒባስ እስከ ዩኒቨርሲቲው። ሩብ ሰዓት አርፍጄ ደረስኩ። ጫማዬ አቧራ ለብሷል፤ ድምፄ ግን አልተንቀጠቀጠም።

ሁሉንም መለስኩ። ስለ ክብሩ፣ ስለ ጭብጨባው፣ ሁለቱ አገሮች እየተፈራሩም የኒውክሌር ተቋሞቻቸውን ዝርዝር በየዓመቱ እንደሚለዋወጡ ጭምር። መጨረሻ ላይ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ መነጽራቸውን አወለቁ።

"አንቺ ከሁለቱ የትንሿ አገር መሪ ብትሆኚ ቦምቡን ትሠሪው ነበር?"

ጽሑፌ ከዳር እስከ ዳር ቦምቡ ፍርሃትን አባባሰ እንጂ ማንንም አልጠበቀም ስለሚል፣ መልሱ "አልሠራም" መሆን ነበረበት።

"እሠራው ነበር" አልኩ፣ ያዘዝኩት የብረት በር ትዝ ብሎኝ። "ስህተት መሆኑን እያወቅኩ።"

አማካሪዬ አንገታቸውን ነቀነቁ።

አለፍኩ። ያውም "በጣም ጥሩ" ተብዬ! ደስ ብሎኛል፤ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ለዳዊት ደውዬ ውጤቱን ነገርኩት። የመለስኩትን ግን አልነገርኩትም።